ጽዳቱንና ዳይቪንጉን እንዴት ላስማማ?

ሰላም ወገኖች። አትላንታ ያለን ጓደኛሞች ቅዳሜና እሁድ ፍሎሪዳ ወርደን ሬይንቦው ወንዝ ውስጥ ዳይቭ ልናደርግ (የአየር ጋን ይዘን ልንጠልቅ)፣ በዚያውም ወንዙን ልናጸዳ አስበናል። ውሃው ክረምት ከበጋ 22 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥራቱ መስታወት ነው።

የቸገረኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ከዋሽንግተን የሚመጡት ጓደኞቻችን እሁድ ማታ በአውሮፕላን ይመለሳሉ። ደጋግሞ ዳይቭ ያደረገ ሰው ደግሞ ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ በሰውነቱ የተጠራቀመው ናይትሮጅን መውጣት አለበት። ታዲያ ዳይቩን ቅዳሜ ጨርሰን እሁድ በካያክ (በትንሽ የቀዘፋ ጀልባ) እናጽዳ? ግን ጣሳውና የዓሣ ማጥመጃው ክር ያለው እኮ ታች ነው! ወይስ በመኪና የምንመለሰው ብቻ እሁድም እንጥለቅ?

ደግሞ ግማሾቻችን ሰርተፊኬት የያዝነው በቅርቡ ነው። ወንዙ ይገፋል። በአንድ እጅ ከረጢት፣ በሌላው የዳይቭ ባንዲራ (ታች ጠላቂ እንዳለ ለጀልባዎች የሚያሳይ፤ ፍሎሪዳ ውስጥ በሕግ ግዴታ ነው) ይዞ መንሳፈፍ ለጀማሪ አይከብድም? ክር ለመቁረጥስ ቢላ ይሻላል መቀስ? ዋና የማይችሉም አሉን፤ ዳር ሆናችሁ ቆሻሻ ለዩ ብንላቸው ቅር እንዳይላቸው ፈራሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ያስተባበራችሁ፣ የሁለቱን ቀን ፕሮግራም ከነሰዓቱ ብትጽፉልኝ ገላገላችሁኝ።