አማቴ የሰጡኝን ጥቅል ጽሑፍ በሻይ ክፍሌ እንዴት ልስቀል?

የካትሱሺካዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ጃፓናዊ ነው፤ የምንኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ውስጥ ባለ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ቤቱ አራት ተኩል ታታሚ፣ ማለትም የጃፓን የወለል ምንጣፍ የምታክል ክፍል አለችው። እስካሁን ሻንጣና ብርድ ልብስ ስናከማችባት ኖረናል። አማቴ የሻይ ሥርዓት ለዓመታት የተማሩ ሴት ናቸው። ባለፈው ሳምንት በረዥም ሣጥን ውስጥ ካኬጂኩ፣ ማለትም ተዘርግቶ የሚሰቀል ጥቅል ጽሑፍ ሰጡኝና «በኖቬምበር መጀመሪያ መጥቼ አንቺ ያዘጋጀሽውን ማቻ እጠጣለሁ» አሉኝ፤ ማቻ የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ፎቶውን አያይዣለሁ። ሦስት ትልልቅ ፊደላት ብቻ ናቸው፤ ባለቤቴ እንኳን የአጻጻፉን ስልት ማንበብ አቃተው። የግርጌው ሁለት ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ከዮኮሃማ የቻይናውያን ሰፈር የገዛሁት የተራራ ሥዕል ስላለኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ብሰቅልስ? ክፍሏ የከሰዓት ፀሐይ ታገኛለች። እጣን ማጨስም አምሮኛል።

ሻይ ወዳድ፦
ለጠርዙ መፍትሔው ቀላል ነው። ፉቺን የሚባሉ ትናንሽ ክብደቶች ገዝተሽ በታችኛው ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ አንጠልጥይ። በሁለት ቀን ቀጥ ይላል።

ብራና ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ይህን ምክር ለጊዜው አትከተዪ። እኔ አዲስ አበባ የድሮ መጻሕፍት እጠግናለሁ፤ የጃፓንን ወረቀት በየቀኑ እነካለሁ። ካኬጂኩ በአንድ ወረቀት አያበቃም፤ ጽሑፉ ከኋላው በተደራረበ ቀጭን ወረቀት ይደገፋል፣ ዙሪያው ሐር ነው፣ የሚያያይዘው ደግሞ የስንዴ ስታርች ማጣበቂያ ነው። አየሩ ሲደርቅ አንዱ ንብር ከሌላው በላይ ይሰበሰብና ጠርዙ ይጠቀለላል። ክብደት ብታንጠለጥዪበት ለጊዜው ይቃናል፤ ያረጀ ወረቀት ከሆነ ግን እየተሳበ በታጠፈበት መስመር ይሰነጠቃል። በካውያ መተኮስ፣ ወደ ኋላ መጠቅለል፣ በፕላስተር መለጠፍ ከዚያም ይብሳል። ከማሞቂያና ከአየር ማቀዝቀዣ አርቀሽ ጥቂት ቀን ሰቅለሽ ጠብቂው፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይረጋጋል። ካልተረጋጋ ሂዮጉሺ የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ። ማጣበቂያው በውኃ የሚለቅ ስለሆነ አሮጌውን ደገፋ አንሥተው በአዲስ ይሠሩታል።

ፀሐዩን ግን በቀላሉ አትዪው። ጥቀርሻው ቀለም ካርቦን ስለሆነ አይደበዝዝም፤ የሚጎዱት ሐሩና ወረቀቱ ናቸው። የከሰዓት ብርሃን ባለበት ግድግዳ ላይ ወር ሙሉ አታቆዪው። እጣኑንም ተዪው፤ የሙጫው ጢስ ሐር ላይ ከተቀመጠ ማን ያነሣዋል?

የኪዮቶ ተማሪ የነበርኩ፦
ፊደላቱን ሳይ ሳቅሁ። «ኪሳኮ» ይላል፤ ቃል በቃል «ሂድ ሻይ ጠጣ» ማለት ነው፣ በሻይ ክፍል ግን «ኑ ሻይ ጠጡ» ተብሎ ይወሰዳል። ነገሩ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው የቻይና መነኩሴ ዣኦጆው የመጣ ነው፤ ጃፓኖች ጆሹ ይሉታል። አንድ እንግዳ መጣ፤ «ከዚህ በፊት እዚህ መጥተሃል?» አለው። «አዎ» ሲለው፣ «ሻይ ጠጣ»። ሌላው «አልመጣሁም» አለ፤ እርሱንም «ሻይ ጠጣ»። የገዳሙ አስተዳዳሪ ግራ ተጋብቶ ምክንያቱን ቢጠይቅ መልሱ ያው ነው፣ «ሻይ ጠጣ»። ለእኛ «ቡና ጠጡ» ብሎ ጎረቤት ለመጥራት ላደግነው ብዙ ማብራሪያ አያሻም። አማትሽ ምን እያሉሽ እንደሆነ አስቢው።

ለዚህ ነው የተራራውን ሥዕል ሌላ ክፍል አድርጊው የምልሽ። የቻይና ሥዕል ነውር ሆኖ አይደለም፤ የኪዮቶው ዳይቶኩጂ ገዳም የ13ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናዊ ሠዓሊ የሙቺን ሥዕሎች እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቃል፣ በድሮ ትልልቅ የእንግዳ አዳራሾችም ሁለትና ሦስት ጥቅል ጎን ለጎን ይሰቀል ነበር። ትንሿ የሻይ ክፍል ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የምትችለው። እንግዳው ገብቶ ከቶኮኖማው፣ ማለትም ወደ ግድግዳው ገባ ካለው ከፍ ያለ ቦታ ፊት ይንበረከካል፣ ማራገቢያውን ከጉልበቱ ፊት አስቀምጦ ይሰግዳል፣ ያነባል። ሁለት ጽሑፍ ካገኘ የትኛውን ነው የሚመልስልሽ?

ቁመቱን በተቀመጠ ሰው ዓይን ለኪ እንጂ ቆመሽ አትለኪ። ገመዱን በቀርከሃው ሹካ፣ ያሃዙ በሚሉት፣ ከምስማሩ ላይ አንጠልጥለሽ በሁለት እጅ ቀስ እያልሽ ወደ ታች ዘርጊ። ጥቅሉ ከእጅሽ ካመለጠ ይቀደዳል፤ እኔ የሰው ንብረት እንዲሁ ቀድጄ አውቃለሁ። አበባ ከፈለግሽ አንድ የካሜሊያ እምቡጥ ይበቃል፤ ሽታው የበረታ አበባ አይገባም። ኖቬምበር በሻይ ክፍሉ ወለል ውስጥ ያለው ምድጃ የሚከፈትበት ወር ነው፤ አማትሽ ቀኑን ያለ ምክንያት አልመረጡም።

ከፍራንክፈርት፦
እኔ አፓርታማ ውስጥ ነኝ፤ ቶኮኖማ የለኝም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ሙሉ ጥቅል ወለል ይነካብኛል።

የኪዮቶ ተማሪ የነበርኩ፦
ወንድሜ፣ ሌላ ምንም ያልተሰቀለበት ባዶ ግድግዳ ምረጥ፤ ከሥሩ ዝቅተኛ ሳንቃ ብታስቀምጥ ቦታው ይለያል። በወርዱ የተዘረጋ አጭር ጥቅል አለ፣ ለዝቅተኛ ጣሪያ እርሱ ይሻላል። ወጪ ለመቀነስ ሺኪሺካኬ ፈልግ፤ ወደ 27 በ24 ሴንቲሜትር የሚሆን ካርቶን የሚያዝበት ጥቅል ነው፣ ካርቶኑን በየወቅቱ ትቀይራለህ።

የካትሱሺካዋ፦
አማቴ ትናንት መጥተው ሄዱ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ክብደት አልገዛሁም፣ እጣኑም ቀረ፣ ጠርዙ በአምስተኛው ቀን ተቃና። መስኮቱን በወረቀት መጋረጃ ጋረድሁት። ገብተው ከጽሑፉ ፊት ተንበርክከው ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ በሩ ሥር ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ሰገዱና ዞር ብለው «ምስማሩ ግማሽ ጣት ወደ ግራ አዘንብሏል» አሉኝ። ሻዩን ግን ሁለት ጊዜ ጠጡ።