በምድር ውስጥ ባቡር ላለመጥፋት የትኛውን መያዝ ይሻላል?

ወደማያውቀው ትልቅ ከተማ ሊሄድ ተነሥቶ «በሜትሮ ለመንቀሳቀስ የትኛውን መተግበሪያ ልጫን?» ለሚል ሰው የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ሲቲማፐር በሚሠራበት ከተማ ሲቲማፐርን፣ በማይሠራበት ጉግል ማፕስን ይጫን፤ በሁለቱም ሁኔታ ግን የባቡር ድርጅቱን ካርታ አውርዶ ስልኩ ላይ ያስቀምጥ። እዚህ ውሳኔ ላይ ያደረሰኝ አንድ ነገር ነው። መንገደኛ ባቡሩ ውስጥ ተቀምጦ አይጠፋም። የሚጠፋው ወይ ከመሳፈሩ በፊት፣ ግራና ቀኝ ከሚመጡት ባቡሮች የትኛው የእሱ እንደሆነ ሲቸግረው፣ ወይ ደግሞ ከወረደ በኋላ፣ አሥር መውጫ ባለው ጣቢያ በተሳሳተው ደረጃ ወጥቶ ከሚፈልገው ሕንፃ ሰፊ አስፋልት ማዶ ሲቆም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ የመዘንኩት አቅጣጫንና መውጫን በመንገሩ ነው።

ጉግል ማፕስ ብዙ ከተሞችን ያዳርሳል፤ ብዙ ሰው ስልክ ላይም አስቀድሞ አለ። የመስመሩን ቀለም፣ ባቡሩ የሚያመራበትን የመጨረሻ ጣቢያና በመካከል ያሉትን ፌርማታዎች ብዛት ይናገራል። ነገር ግን ብዙዎች የማይጠረጥሩት ጉድለት አለበት፤ የከተማውን ካርታ አስቀድመው ቢያወርዱትም እንኳ ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመኪና መንገድ እንጂ የባቡር ጉዞ አያወጣም። ደረጃውን ወርደው ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ መንገድ መፈለግ ስለማይቻል፣ ገና ላይ ሳሉ ፈልገው የስክሪኑን ፎቶ ማንሣት ይኖርብዎታል።

ሲቲማፐር እ.ኤ.አ. በ2011 ለንደን ውስጥ የተጀመረ ሲሆን የከተሞቹ ብዛት ከጉግል ጋር አይወዳደርም። በሚሠራበት ቦታ ግን ከባቡሩ ፊት፣ መሐል ወይም ኋላ የትኛው ፉርጎ ላይ መሳፈር እንደሚሻልና በየትኛው መውጫ መውጣት እንደሚገባ ይነግራል። ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ የሥራ መግቢያ ሰዓት ላይ ከሕዝብ ጋር እየተጋፋ የባቡሩን ርዝመት ያህል መሳፈሪያውን የተጓዘ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል። ሙቪት የተባለው ሌላ መተግበሪያም ብዙ ከተሞችን ይሸፍናል፤ ማስታወቂያው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ያላዳረሱት ከተማ ካልሆነ በቀር አልመርጠውም።

ስለ ካርታው ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ጠቃሚነቱን ያህል ያሳስታል። ዛሬ በየአገሩ የምናየው ቀጥ ባሉና በ45 ዲግሪ በሚታጠፉ መስመሮች የተሣለ የሜትሮ ካርታ በአመዛኙ የሃሪ ቤክን ፈለግ የተከተለ ነው። የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ የነበረው ቤክ የለንደንን ካርታ የሣለው ከመሬት በታች ያለ ተሳፋሪ የሚያስፈልገው የጣቢያዎቹ ቅደም ተከተልና መቀየሪያው እንጂ ርቀቱ አይደለም ብሎ ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበውም እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ችግሩ አዲስ እንግዳ ርቀቱንም ከካርታው ላይ ማንበቡ ነው። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን የተባሉት የለንደን ጣቢያዎች በባቡሩ መስመር 260 ሜትር ገደማ ብቻ የሚራራቁ ሆነው ሳለ፣ ካርታው ላይ እንደማንኛውም ሁለት ጣቢያ ስለሚታዩ፣ ወደ ጥልቁ ወርዶ፣ ባቡር ጠብቆ፣ እንደገና ወደ ላይ የሚወጣ ጎብኚ አይታጣም። ስለዚህ የሜትሮው ካርታ አንድ ወይም ሁለት ፌርማታ ብቻ ሲያሳይዎ፣ በመደበኛው ካርታ የእግር መንገዱን ያመሳክሩ።

ከመተግበሪያውም ከካርታውም በላይ የምተማመንበት ግን ጣቢያው ራሱ የሚሰጠው ምልክት ነው። ፓሪስ ውስጥ የመስመሩን ቁጥርና የመጨረሻውን ጣቢያ ስም መያዝ ይበቃል፤ በመስመር 1 ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው «ሻቶ ደ ቫንሴን» የሚለውን ጽሑፍ ተከትሎ ይወርዳል። ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሜትሮ ጣቢያዎቿ ፊደልና ቁጥር ስለሰጠች፣ ጃፓንኛ የማያነብ ሰውም ቁጥሩ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን አይቶ አቅጣጫውን ያረጋግጣል። ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 አገልግሎት ስትጀምር፣ ማንበብ የማይችለውን ተሳፋሪ አስባ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሥዕል መድባለታለች፤ የቻፑልቴፔክ ጣቢያ ምልክት ፌንጣ ነው። ከሁሉም የሚደንቀኝ ሞስኮ ነው፤ በአብዛኞቹ መስመሮች ባቡሩ ወደ መሐል ከተማ ሲያመራ ጣቢያውን የሚያስተዋውቀው የወንድ ድምፅ ሲሆን፣ ከመሐል ሲርቅ የሴት ነው። ዐይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው እንኳ በተቃራኒ አቅጣጫ መሳፈሩን በጆሮው ያውቃል።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩት አቅጣጫም መስመርም ትክክል ሆኖ ሳለ ነው። ባቡሩ በሁሉም ጣቢያ የማይቆም ፈጣን ባቡር መሆኑን ሳላስተውል ገባሁ፤ ለመውረድ በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ የጣቢያዬ ስም በመስኮቱ ፊት ሽው ብሎ አለፈ። ኒው ዮርክ ውስጥ ይህ ልዩነት ካርታው ላይ ይታያል። ቅዳሜና እሑድ ግን ሐዲድ ሲጠገን ባቡሮቹ መስመር ስለሚቀያየሩ፣ እዚያ በታተመው ካርታ ሳይሆን የድርጅቱ መተግበሪያ ላይ በሚወጣው የዕለቱ ማስታወቂያ መመራት ይሻላል።

የክፍያ ካርድን በተመለከተ፣ የባንክ ካርድን በሩ ላይ በማስነካት መክፈል በሚቻልበት ከተማ የተለየ የባቡር ካርድ ለመግዛት ወረፋ መያዝ ለአጭር ቆይታ አያስፈልግም። የለንደን የምድር ባቡር ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ሲገቡ ያስነኩትን ሲወጡም ማስነካት ነው፤ ሲገቡ ስልክዎን፣ ሲወጡ ፕላስቲክ ካርዱን ካስነኩ፣ ሁለቱ ከአንድ የባንክ ሒሳብ ቢሆኑም እንኳ ሥርዓቱ ያላለቁ ሁለት ጉዞዎች አድርጎ ያስከፍልዎታል። ኒው ዮርክ ውስጥ ግን ክፍያው ርቀት ስለማይለይ የሚያስነኩት ሲገቡ ብቻ ነው።

አመሻሽተው የሚመለሱ ከሆነ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ከሆቴል ሳይወጡ ይመልከቱ፤ ጉግል ማፕስ ላይ የመነሻ ሰዓት በሚመረጥበት ቦታ «የመጨረሻ» የሚል አማራጭ አለ። የኒው ዮርክ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ የቶኪዮው ግን እኩለ ሌሊት ገደማ ያቆማል፤ በተለይ መንገድ ላይ ባቡር መቀየር ካለብዎ የሁለተኛው መስመር የመጨረሻ ባቡር ከመጀመሪያው ቀድሞ ሊሄድ ስለሚችል፣ መነሻ ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን ሰዓት ብቻ አይተው አይዘናጉ።