«ደሪባ» ከጠባይ ጋር ምን አገናኘው? (የዐረብኛ ሥር፦ ዳድ-ራ-ባ)

ሰላም፣ የጥንቱን ዐረብኛ የቃላት አመጣጥ የምታውቁ እርዱኝ። ከታች «ደ» ብዬ የምጽፈው ዳድን፣ ወፍራም «ደ» የሚመስለውን የዐረብኛ ፊደል፣ ነው።

መነሻው «ደረበ»፣ መታ። ብዙዎቹ እርባታዎች አያስቸግሩም፤ «ደረበ መሠለን» ምሳሌ ሰጠ፣ «ደረበ ፊል አርድ» በምድር ተጓዘ (ቁርኣን 4፥101)፣ «ኢድጢራብ» ሁከት። እዚህ ላይ «ጠ» የሥሩ ፊደል አይደለችም፤ የ8ኛው እርባታ (ከመጀመሪያው የሥር ፊደል በኋላ «ተ» የሚጨመርበት የግስ ቅርጽ) «ተ» ከዳድ ጎን ስትውል ወደ «ጠ» ስለምትለወጥ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ በ«ጠ» የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

የተቸገርኩት «ደሪባ» ላይ ነው። ቅርጹ ፈዒላ (እዚህ ላይ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ነገር የሚያመለክት የቃል ቅርጽ) ስለሆነ «የተመታ ነገር» ይሆናል፤ «ሊሳን አል-ዐረብ» የተባለው የጥንት መዝገበ ቃላትም በሰይፍ የተመታውን እንዲሁ ይለዋል። ግብር የሚለው ትርጉምም ግልጽ ነው፤ «ደረበ ዐለይሂ» ጣለበት ማለት ነውና፣ እኛም ግብር ጣለ እንደምንለው። ሦስተኛው ግን «ተፈጥሮ፣ ጠባይ» ነው።

የኔ ግምት፦ ዲርሀም (የብር ገንዘብ) መቅረጽም «ደረበ» ይባላል። «ጠበዐ»ም አተመ ማለት ሆኖ «ጠቢዐ»ን፣ ተፈጥሮን፣ አስገኝቷል፤ የእኛው «ጠባይ»ም ከዚያ ወገን ነው። ታዲያ ደሪባም በሰው ላይ የታተመ መልክ ይሆን? ወይስ «ደርብ»፣ ዓይነት፣ ከሚለው ነው የመጣው? ከቀደምት ግጥም ወይም ከጥንት መዝገበ ቃላት ማስረጃ ያላችሁ፣ ጥቅሱን ከነትርጓሜው አስቀምጡልኝ።