ጥቆማ፦ የክላሚዶሞናስ ፍላጀላ ዳግም ዕድገትን ለማሳየት የትኛው ማገጃ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ለባዮሎጂ ተማሪዎች የሦስት ሰዓት ቤተ ሙከራ እያዘጋጀሁ ነው። ክላሚዶሞናስ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ፍላጀላውን (የሚዋኝበትን ጅራት መሰል ክር) ጥሎ ሲያበቅል፣ ሲታገድም ምን እንደሚሆን ላሳያቸው አስቤያለሁ። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ኬሚካል ብቻ ነው። ሳይክሎሄክሲማይድ ወይስ ኮልቺሲን? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ 1፦ ያለ ማመንታት ሳይክሎሄክሲማይድ። የፈሳሹን ፒኤች (የአሲድነት ልኩን) በአሴቲክ አሲድ ወደ 4.5 አውርደው፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7 ሲመልሱት ሕዋሱ ሁለቱንም ፍላጀላ ይጥላል፤ እሱ ራሱ ግን አይሞትም። ያልታገደው በሁለት ሰዓት ገደማ ወደ ቀድሞው 10 እስከ 12 ማይክሮሜትር ይመለሳል። በሚሊሊትር 10 ማይክሮግራም ሳይክሎሄክሲማይድ የገባበት ግን ግማሽ ርዝመት ላይ ቀጥ ይላል። አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የተከለከለ ሕዋስ ግማሹን ከምን ሠራው? ቀድሞ ሠርቶ ካከማቸው ፕሮቲን፣ ከጎተራው ነዋ! ተመራማሪው ሮዘንባውምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳዩት ይህንኑ ነው። ኮልቺሲን ግን ዕድገቱን ገና ከጅምሩ ይገታዋል፤ ሕዋሱ ሞቶ ነው ወይስ ታግዶ የሚለውን ለመለየት አጥቦ እንደገና መጠበቅ ሊኖርብዎ ነው።

መልስ 2፦ በምርጫው እስማማለሁ። የኮልቺሲን ትልቁ ጣጣ ግን ዋጋው ነው። ኮልቺሲን የሚያግደው ፍላጀላ የሚገነባበትን ቱቡሊን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ የአልጌ ቱቡሊን ከእንስሳት ቱቡሊን ይልቅ ስለሚቋቋመው በሚሊሊትር ሚሊግራሞች ይፈጃል። ቱቡሊንን ማገድ ካማረዎ ኦራይዛሊን የተባለው የአረም ማጥፊያ በማይክሮሞላር መጠን ይሠራል። የሚሟሟው ዲኤምኤስኦ በተባለ ፈሳሽ ስለሆነ ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባበት ማነጻጸሪያ ያዘጋጁ። ሳይክሎሄክሲማይድ ደግሞ ብርቱ መርዝ ነው፤ ዱቄቱን እርስዎ ራስዎ ይመዝኑ፣ ለተማሪዎች የተበጠበጠውን ብቻ ይስጡ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ተማሪ ካለች ጨርሶ አታስነኳት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አልጌውንስ ከየት ላምጣ?

መልስ 1፦ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የክላሚዶሞናስ ማዕከል ሲሲ-125 የተባለውን መደበኛ ዝርያ ይልካል። ከኩሬ የተቀዳ አልጌ አልመክርም፤ ምን እንደሆነ ሳይለዩት ቀኑ ይመሻል። በአጋር (ጄሊ መሰል ማብቀያ) ላይ ካደገ ፍላጀላ ላይኖረው ስለሚችል አስቀድመው በፈሳሽ ውስጥ ብርሃን ላይ ለጥቂት ሰዓታት ያቆዩት። ፈሳሹም ካልሲየም ይኑረው፤ ያለዚያ አሲዱ ፍላጀላውን አይጥልልዎትም። በየ15 ደቂቃው ናሙና ወስደው በሉጎል አዮዲን ገድለው ባለበት ያቁሙት፤ የሚዋኝ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሥር አይለካም።

መልስ 2፦ ትንሽ ገንዘብ ከተረፈ ሊቲየም ክሎራይድ ጨምሩበት። በ25 ሚሊሞላር ያልተቆረጠውን ፍላጀላ ከልኩ በላይ ያስረዝመዋል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።