አሎቬራ በየግቢያችን፦ ረቂቅ ዕቅዱን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊዋ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። በጎንደር ማኅበራችን ስብሰባ የተነሳውን የአሎቬራ ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቢ ስላላችሁኝ ረቂቁ ይኸው። ለፈቃደኛ አባል ሁሉ አንድ አንድ ችግኝ እንሰጣለን። አተካከሉንና አጠቃቀሙን አንድ ከሰዓት ተሰብስበን እናሳያለን። ከአረንጓዴ አሻራ ጋር አያይዘን ሐምሌ ላይ እንትከል ብያለሁ። ከተረፈን ደግሞ ጭማቂና ሳሙና ሠርተን ለማኅበሩ ገቢ እናስገኝ። የሚቀነስም የሚጨመርም ካለ ጻፉበት።

የአዘዞዋ አባል፦ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ እታለም። ሐምሌ ግን አይሆንም። የጎንደርን ክረምት ታውቂዋለሽ። አሎቬራ ውኃዋን በቅጠሏ ቋጥራ የምትኖር ተክል ናት፤ ከጥም ይልቅ ጭቃ ነው የሚገድላት። ሥሯ ላይ ውኃ ከተኛ ትበሰብሳለች። ከላይ ደህና ትመስላለች፣ ያዝ ሲያደርጓት ግን ከሥሯ ተነቅላ እጅ ላይ ትቀራለች። ጥቅምት ይሻላል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ የጣሪያ ጠፈጠፍ የማያገኛት በረንዳ ላይ ማስጠጋት ነው።

ችግኝ መግዛትም አያስፈልገንም። የእኔዋ ዙሪያዋን ልጅ አውጥታለች። ልጆቹ ጠንከር ሲሉ ከነሥራቸው በንጹሕ ቢላ ይለያሉ። የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይቀመጡ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ እርጥቡን ቁስል ይዘው አፈር ከገቡ ይሻግታሉ። ከዚያ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ አፈር። ዕቃው የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ይበቃል፣ ታቹ ግን መበሳት አለበት። አፈሩ ደረቅ ሳይል ውኃ አይጨመር። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለምንጠብቅ ሰዎች ይህቺ ተክል ትመቸናለች።

የማራኪው ጋሼ፦ ጥቅምቱን እደግፋለሁ። እኔ የማነሳው ስለ ጭማቂው ነው። ለሆድ ድርቀት እናቶቻችን እሬት ያውቁ ነበር። ስኳርም ያወርዳል ሲሉ እሰማለሁ። ይህን ብንሸጥ ጥሩ ገቢ አይሆንም ወይ?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና በዚህ አልስማማም። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር የሚንጠባጠበውን ቢጫ ፈሳሽ አይተውት ይሆናል። እጅግ መራራ ነው። አሎይን የሚባለው ንጥረ ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ ሆድንም ክፉኛ ያስቀምጣል። ቁርጠት ያመጣል፣ ሲደጋገም ሰውነት ፖታሲየም ያጣል፤ ይህ ደግሞ ለልብ አደገኛ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚህ ፈሳሽ የተሠሩ የሆድ ማለስለሻዎች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዳይሸጡ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፣ አምራቾቹ የደኅንነት ማስረጃ ባለማቅረባቸው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ከጨመረበት ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጨርሶ መጠጣት የለባቸውም። ሕፃን ጡት ለማስጣል እሬት መቀባትም በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ በሥልጠናው ላይ በግልጽ አንስተን ይቅር እንበል።

ማኅበራችን የሚያስተምረው ለቆዳ ብቻ ቢሆን እላለሁ። በዚያ ትጠቅማለች። የውጭውን ወፍራም ቅጠል ከሥሩ ቆርጦ ብርጭቆ ውስጥ ማቆም፣ ቢጫው እስኪንጠፈጠፍ ሩብ ሰዓት መጠበቅ። ከዚያ አጥቦ፣ እሾኩን ከዳርና ከዳር አንስቶ፣ ልጣጩን ገፎ ውስጡን ጥርት ያለውን ዝልግልግ ብቻ መውሰድ። መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ይሞከር፤ ካሳከከ ወይም ከቀላ ይቅር። ዝልግልጉ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል፣ ትኩሱን መጠቀም ነው።

ምጣድ ወይም ጀበና ፈጀኝ የሚል ሰው ግን ወደ አሎቬራ አይሩጥ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ፣ 20 ደቂቃ። የጥርስ ሳሙናና ሊጥ አይቀባ። ቆዳው ቀልቶ ብቻ ከሆነ ከውኃው በኋላ አሎቬራው ያስታግሳል። የተላጠ፣ ሰፋ ያለ፣ ፊት ወይም እጅ ላይ ያለ፣ የሕፃንም ቃጠሎ ከሆነ ሐኪም ቤት ነው። ስለዚህ ነገር ደጋግሜ የምናገረው ቁስሉ ተበክሎ የሚመጣ ልጅ ማየት ስለሚከብደኝ ነው።

የማራኪው ጋሼ፦ ተቀብያለሁ ልጄ፣ ጭማቂው ይውጣ። ግን ሰዎች ከተራራ ነቅለው የሚያመጡት እሬትስ?

የአዘዞዋ አባል፦ እሱ ሌላ ነው ጋሼ። አገራችን ብዙ ዓይነት የዱር እሬት አላት፣ አበባቸውም ብዙውን ጊዜ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ነው። የአሎቬራ ቢጫ ነው። የማናውቀውን ቁስል ላይ አናድርግ፤ ተራራውንም አናራቁት።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ። ተከላው ጥቅምት ላይ። ችግኙ ከአባላት ግቢ፣ ከዱር አንድም አይነቀልም። አጠቃቀሙ ለቆዳ ብቻ። ጭማቂ ወጥቷል። ሳሙናው ለዚህ ዓመት ይቆይ፤ ለገበያ የሚቀርብ ከሆነ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መጠየቅ ስላለብን። ነርሳችን የቃጠሎውን ነገር በአንድ ገጽ ጻፊልን፣ አባዝተን ከየችግኙ ጋር እንሰጣለን። ባዶ ጀሪካን ያላችሁ ጣሉት እንዳትሉ፣ ስንት እንዳላችሁ እዚህ ጻፉልኝ። አሸዋ የሚያመጣ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።