ክስ እያለበት ሌላ መኪና የሰረቀ ሰው እንደገና በዋስ ይወጣል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመኪና ስርቆት ተከሶ በዋስ የወጣ ሰው መዝገቡ ሳይዘጋ ሌላ መኪና ሲሰርቅ ይያዝና እንደገና ዋስትና ይፈቀድለታል። ሕጉ ነው የሚፈቅደው ወይስ ማረሚያ ቤት ስለሞላ ነው?

መልስ 1፦
ማረሚያ ቤት ሞልቷል ተብሎ ዋስትና አይፈቀድም፤ እንዲህ የሚል ድንጋጌ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(6) ዋስትናን መብት አድርጎታል፣ በሕግ በተለዩ ሁኔታዎች ሲከለከል ካልሆነ በቀር። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ዋስትና የሚከለክለው ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። ከባድ ስርቆት (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 669) ጣሪያው 15 ዓመት ቢሆንም የሞተ ሰው የለበትም። ሹፌሩን ገድሎ መኪናውን የወሰደ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ሌባውን ዋስትና ለመከልከል የሚቀረው የዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67(ለ) ነው፦ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ይችላል የሚለው።

መልስ 2፦
ትክክል፤ ችግሩ አቀራረቡ ላይ ነው። መርማሪው ችሎት ቆሞ «ተደጋጋሚ ወንጀለኛ ነው» ይላል፣ ዳኛው ማስረጃ ሲጠይቅ የሚያወጣው ወረቀት የለም። የሚያስፈልጉት ሁለት ገጾች ናቸው፦ የመጀመሪያው መዝገብ የዋስትና ትእዛዝና ሁለተኛው ስርቆት የደረሰበት ቀን የተጻፈበት አቤቱታ። ቀኖቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክርክሩ ያጥራል።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። በወንጀል ሕጉም አንቀጽ 67 አለ፤ እሱ ስለ ደጋጋሚነት ነው። ቅጣት ከፈጸመ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ እንደገና ያጠፋን ሰው ይመለከታል፣ የሚጠቅመውም ለቅጣት ማክበጃ ነው። ጠበቃ «ደንበኛዬ ተፈርዶበት አያውቅም» ሲል ብዙ ዐቃቤ ሕግ እዚህ ላይ ይሸነፋል። መሸነፍ አልነበረበትም፤ የሥነ ሥርዓቱ 67(ለ) የቀድሞ ፍርድ አይጠይቅም።

ሌላው የሚረሳው የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 74 ነው። ዋስትና ሲሰጥ ያልታወቀ አዲስ ነገር ከተገለጸ ፍርድ ቤቱ አዲስ ዋስ ሊያስጠራ ወይም ሰውየውን ወደ እስር ሊመልስ ይችላል። ማመልከቻው በቀድሞው መዝገብ ላይ ይግባ።

መልስ 3፦
ስለ ማረሚያ ቤቱ ልጨምር። ዋስትና የተነፈገ ተከሳሽ ለምሳሌ ቂሊንጦ ገብቶ ቦታ የሚይዘው ምስክር እስኪሰማ ነው። ጥሪ ያልደረሰው ምስክር፣ ያልተያያዘ የሻንሲ ምርመራ ውጤት፣ እያንዳንዱ አንድ ቀጠሮ ይበላል። እኔ የምለው ደጋጋሚዎቹን አስሮ መዝገባቸውን ማስቀደም ነው፤ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ደግሞ በአርቲዲ (በተፋጠነ የችሎት አሠራር) ይታይ። አልጋው ቶሎ ይለቀቃል።

ጠያቂ፦
ባለቤቱስ ምን ያድርግ?

መልስ 2፦
የሊብሬውን ኮፒ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በመጀመሪያው ቀን ለመርማሪው ይስጥ፤ ታርጋ ብቻውን አይበቃም፣ ሌባው መጀመሪያ የሚቀይረው እሱን ነው። መኪናው ከተገኘ ቁጥሮቹ ፎቶ ተነስተው በኤግዚቢትነት ይያያዙና ሲጠየቅ ሊያቀርበው ግዴታ ገብቶ መኪናው እንዲመለስለት ያመልክት።