ከቀዶ ህክምና በኋላ ለመጣ ችግር ኢንሹራንስ የሆስፒታል አልጋ አልከፍልም ሲል (አሜሪካ)

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለቤቴ የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ህክምና በወጣ በ5ኛው ቀን ሐሞት ሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ተገኘና 3 ሌሊት ተኝታ ታከመች። ኢንሹራንሱ በመሥሪያ ቤቷ በኩል ነው፤ ሆስፒታሉም ኔትወርክ ውስጥ አለ (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል አለው)። አሁን «መተኛት አያስፈልጋትም ነበር፣ ኦብዘርቬሽን (እንደ ተመላላሽ ታካሚ ተቆጥሮ በሆስፒታል መከታተል) ይበቃ ነበር» የሚል ደብዳቤ ደርሶናል። ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም አትክፈል። ሆስፒታሉ ቢሊንግ ክፍል ደውልና ኢንሹራንሱ በላከላቸው የክፍያ ዝርዝር ላይ ከተከለከለው ሂሳብ ጎን የትኛው ኮድ እንዳለ ጠይቅ። «ሲኦ» (CO) ከሆነ ሆስፒታሉ በውሉ መሠረት ራሱ የሚሸከመው ነው፤ እናንተን መጠየቅ አይችልም። «ፒአር» (PR) ከሆነ ግን ዕዳው በስሟ ነው። ስንቱ ሰው የሆስፒታሉን ጠብ ተቀብሎ ሲጣላ ይከርማል! ይግባኝ ላይ መሆናችሁን ነግረህም ሂሳቡን ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) እንዳይልኩት አሳግድ።

መልስ 2፦
ፒአር ከሆነ፣ ለኢንሹራንሱ ይግባኝ ለማለት ደብዳቤው ከደረሰ ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ። ከመጻፍህ በፊት ሙሉ ፋይሉንና ውድቅ ያደረጉበትን የህክምና መስፈርት ጠይቅ፤ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። አንተ የምትጻጻፍላት ከሆነ የውክልና ፎርሙን እሷ ትፈርም፤ ያለዚያ አያናግሩህም።

ይግባኝ የሚወድቀው «በጣም ታማ ነበር» ብሎ ሲያልፍ ነው። መስፈርቱን መስመር በመስመር መልስ፦ ስትገባ የነበራት ትኩሳትና የልብ ምት፣ የነጭ ደም ሴልና የቢሊሩቢን ቁጥር፣ ሲቲ ስካኑ ያሳየው፣ በደም ሥር የተሰጣት አንቲባዮቲክ በየስንት ሰዓቱ እንደነበር፣ ድሬይን (ፈሳሹን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ) ወይም ስቴንት (የሐሞት ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቱቦ) ገብቶላት ከሆነ ቀኑና ሰዓቱ። እነዚህን ከመግቢያው ምርመራ፣ ከነርሶች ማስታወሻና ከመድኃኒት መዝገቡ ታገኛለህ። የመውጫ ማጠቃለያውን ብቻ መላክ ይጎዳል፤ የሚጻፈው ከተሻላት በኋላ ነዋ። ሰርጅኑም ደብዳቤ ይጻፍ፦ በዚያች ሰዓት ወደ ቤት ብትላክ ምን ያሰጋት ነበር? ሐሞት የሆድ ዕቃን ሽፋን እንደሚያስቆጣ፣ ከተመረዘ ደግሞ ወደ ሴፕሲስ (ለሕይወት አስጊ ወደሆነ የኢንፌክሽን ደረጃ) እንደሚሄድ በግልጽ ያስፍር።

«ሁለት ሌሊት ካለፈ ይከፈላል» የሚሉህን አትስማ። እሱ የሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ደንብ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስን አያስገድድም።

መልስ 3፦
ህክምናው ስላለቀ ኢንሹራንሱ ለይግባኙ መልስ የሚሰጠው በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ ይግባኙ ሁለት ደረጃ ካለው በየደረጃው 30። የመጨረሻ እምቢታ ከመጣ በ4 ወር ውስጥ የውጭ ገምጋሚ (ከኢንሹራንሱ ገለልተኛ የሆነ) ጠይቁ። ውሳኔው እስከ 45 ቀን ይወስዳል፤ ለታካሚው ከተፈረደ ኢንሹራንሱ መክፈል ግዴታው ነው። ብዙ ሰው ይቺን ሳይሞክር ይተዋል። የህክምና ወጪው ራሱ ከአሠሪው ኪስ የሚከፈልበት ፕላን መሆኑን ግን ኤችአርን (የመሥሪያ ቤቷን የሰው ኃይል ክፍል) ጠይቁ። ከሆነ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚገባው ለግዛቱ ኢንሹራንስ ቢሮ ሳይሆን ለፕላኑ ራሱ ነው፤ እርዳታ የሚሰጠውም የፌዴራሉ ሠራተኛ ሚኒስቴር ነው።

መልስ 4፦
የሚላከውን በፋክስ ከሆነ ማረጋገጫውን ያዝ፣ በፖስታ ከሆነ ሰርቲፋይድ (መላኩ የሚረጋገጥበት) ይሁን። ስትደውል የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፣ ነጻ ነው። ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ ደግሞ ጎን ለጎን የክፍያ እርዳታ ፎርም ሙሉ፤ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ይቀበላሉ።